ከብረቱ በኋላ

አይናዲስ ቢሻውን ስታገባ እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ሃያ አምስት ዓመታቸው ነበር። ወሩ ጥር፣ ዘመኑ 1972 ዓ.ም. ነው። የሽንፋ ሰው ሙሽራውን በስሙ አይጠራውም፤ «ብረቱ» ይለዋል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ለጉልበቱ ብቻ አልነበረም፤ ግራ ዳሌው ውስጥ የእውነት ብረት ነበረው።

ቢሻው ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ባለው የመንግሥት እርሻ የትራክተር ኦፕሬተር ነበር። በ1969 ጠረፉ ላይ ውጊያ ሲነሳ ትራክተሩ ከነተሳቢው ለሚሊሺያ ስንቅ ማመላለሻ ተወሰደ፤ እሱም አብሮ ሄደ። ከመተማ ሲመለስ ትራክተሩ ፈንጂ ላይ ወጣ። ትራክተሩ ተገለበጠና የኋላ ጎማው እሱ ላይ አረፈ። የታፋው አጥንት ራስ እንደ ሸክላ ደቀቀ። ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከቁስለኞች ጋር በአውሮፕላን ወደ ምሥራቅ ጀርመን ላኩት። ዘመዶቹ ተዝካሩን ለማውጣት ሲማከሩ፣ ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ሸሕዲ ላይ ከአውቶቡስ በሁለት እግሩ ወረደ። ምርኩዝ እንኳ አልያዘም።

ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ሲጠና የአይናዲስን አባት ያስጨነቃቸው አንድ ጥያቄ ነበር። ሙሽራውን አስጠርተው ፊት ለፊት ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይኸ ብረት ክረምት ሲገባ፣ ዝናብ ሲመታህ አይዝግም?»

«የማይዝግ ነው፣ አባባ» አላቸው ቢሻው እየሳቀ።

«እንዲያ ከሆነ ደግ» ብለው መረቁት።

አይናዲስ ግን የወደደችው ለብረቱ ብላ አልነበረም። መሠረተ ትምህርት የተማረችበት ዳስ ጥቁር ሰሌዳ ሲመጣለት፣ ሁለት ሰው የሚያነሳውን ሰሌዳ ብቻውን በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ እየዘፈነ ሲገባ አይታው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊደሉ ላይ ዓይኗ አልተከል አላት። በሠርጋቸው ዕለት ሚዜዎቹ ከጭፈራው ደክሟቸው ሲቀመጡ ቢሻው አልተቀመጠም። አክስቶቿ እንኳ «ይኸ ነው እንዴ ስባሪ የተባለው?» ብለው አፋቸውን ያዙ።

እርሻው ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ሰጧቸውና እዚያ ገቡ። ቢሻው ሥራ አይመርጥም። ኦፕሬተር የሚቀጠረው ለመንዳት ነው፤ መጫንና ማውረድ የሌላ ሰው ሥራ ነው። እሱ ግን ሰሊጥ ሲደርስ፣ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ቁጥራቸው ሲያንስ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርድና ኩንታል ይሸከማል። የናፍታ በርሜል ሲወርድ እጁን ሳያስገባ አያልፍም። ጎጃሜዎቹ የቀን ሠራተኞች «ብረቱ መጣ!» ብለው ሲጮሁለት ጥርሱ ሁሉ ይታያል። አይናዲስም ትኮራበት ነበር። እርግጥ አንዳንድ ነገሩ ይገርማታል። ቁጢጥ ብሎ አይቀመጥም፤ ዝቅ ያለ በርጩማ አይወድም። በመጀመሪያው ዓመት ሲተኛ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ያደርግ ነበር። ምነው ስትለው «ሐኪሞቹ ያስለመዱኝ ነው» አላት። በሁለተኛው ዓመት ትራሱንም ተወው።

በ1974 ነሐሴ ላይ ምጥ መጣባት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። አንድ ቀን ሙሉ አማጠች፤ በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አዋላጇ እጇን ታጥባ ወጣችና ቢሻውን «ይኸ ከኔ በላይ ነው፤ ክሊኒክ አድርሷት» አለችው። ክሊኒኩ ከወንዙ ወዲያ፣ ሽንፋ ከተማ ነው። ያ ጥቁር መሬት ደግሞ ነሐሴ ላይ እንኳን ትራክተር ውሻ አያስኬድም። የአረም ሠራተኞቹ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ማሳ ላይ ነበሩ፤ ግቢው ውስጥ የተገኙት የእርሻው ዘበኛ አያ ሰጠኝና ሁለት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። አራት ሆነው በቃሬዛ አነሷት።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውኃው ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። በቃሬዛ አይታሰብም። ጎረቤቶቹ ገመድ ዛፍ ላይ አስረው ወዲህ ሆነው ያዙ። አያ ሰጠኝ የገመዱን ጫፍ ይዘው አስቀድመው ተሻገሩ። ቢሻው ጎንበስ አለና «እቀፊኝ» አላት። በነጠላ ጀርባው ላይ አሰራት። አይናዲስ የዚያን ዕለት ነገር ብዙውን አታስታውሰውም፤ የምታስታውሰው ውኃው እስከ ደረቱ ሲደርስ ትንፋሹን፣ ከሥሯ ጡንቻው ሲንቀጠቀጥ፣ «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ» እያለ ሲሻገር ነው።

ማዶ ሲወጡ አያ ሰጠኝ «ወዲህ ስጠኝ፣ ተራ በተራ እንሸከማት» አሉት። ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለት እርምጃ ሄደው ጭቃው አንሸራተታቸው። ቢሻው መልሶ አዘላት። ጭቃው በየእርምጃው እስከ ባቱ እየዋጠው፣ እግሩን በጉልበት እየነቀለ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዘ። ክሊኒኩ ሲደርሱ ድሬሰር ዘሩ በር ላይ ተቀበላቸው። ልጅቷ ከቀትር በኋላ ተወለደች። እናትም ልጅም ተረፉ። ስሟን አለምነሽ አሏት።

ቢሻው ያን ዕለት ክሊኒኩ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ለመነሳት ሲል ብሽሽቱን ይዞ ተመልሶ ቁጭ ማለቱን ያየው ዘሩ ብቻ ነበር። «ምነው?» ቢለው፣ «ጭቃው አድክሞኝ ነው» አለው።

ሕመሙ ዓይን ያወጣው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ግድም ነው። ተቀምጦ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት እርምጃዎች ያሠቃዩታል፤ ቆም ብሎ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ከዚያ እንደምንም ይሄዳል። «ብርድ ነው» ይላል። በቆላ ሐሩር፣ በመጋቢት፣ ብርድ ነው ይላል። አይናዲስ ሰሊጥ ዘይት አሙቃ ታሸዋለች። ጠበል ወሰደችው። ከገላባት የመጣ የሱዳን ቅባትም ቀባችው። ለጥቂት ቀን ደህና ይሆንና ይመለስበታል።

በ1978 የግራ ሱሪው ጫፍ መሬት መጥረግ ጀመረ። አይናዲስ ሱሪው የረዘመ መስሏት አጠፍ አድርጋ ሰፋችው። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ጠረገ። እንደገና መርፌዋን አነሳች። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ሱሪው አልረዘመም፣ እግሩ አጥሯል። የግራውን ጫፍ ብቻ አጥፋ ሰፋችው። ማታ ከሥራ ሲገባ ግን አንድም ነገር አልጠየቀችው። ብትጠይቀው «ብርድ ነው» እንደሚላት ታውቃለች፤ እሱም እንዳወቀች ያውቃል። እንዲያ ተደባብቀው አንድ ዓመት ገፉ።

በ1980 ኅዳር ላይ ከትራክተሩ ሲወርድ እግሩ ከዳውና በጎኑ ወደቀ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ግን በእግሩ መቆም አቃተው። ዘሩ መጥቶ አየው። እግሩን ቀስ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ሲያዞረው አይናዲስ ቆማ ነበር፤ ከቢሻው ዳሌ ውስጥ ያረጀ በር ሲከፈት የሚያወጣውን ዓይነት ድምፅ በጆሮዋ ሰማች። ልጅቷን ከክፍሉ አስወጣቻት።

«ይኸ የኔ ሥራ አይደለም» አለ ዘሩ። «ጎንደር ውሰጂው። ዛሬ ነገ አትበዪ።»

ጎንደር ሆስፒታል ራጅ አነሱት። ያየው ሐኪም ዶክተር እንዳለው የሚባል፣ ዕድሜው ከቢሻው ብዙም የማይበልጥ ሰው ነው። ራጁን መስኮቱ ላይ ለጥፎ መረመረው። ከዚያ ሁለቱንም ጠጋ እንዲሉ ጠራቸው።

«ይኸ ረጅሙ ነጭ፣ የጭኑ አጥንት ውስጥ የተተከለው ብረት ነው። ጫፉ ላይ ክብ ራስ አለው። ይኸ ራስ የሚዞረው ዳሌው ላይ በተጣበቀ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ ስኒ በለው። ፕላስቲኩ በራጅ አይታይም፤ ዙሪያውን ያሰሩበት ሽቦ ግን ይታያል። የብረቱ ራስ ከሽቦው መሐል መሆን ነበረበት። አሁን ወደ ላይ ሰርጓል።»

«ተበላ» አለ ቢሻው።

«አዎ፣ ተበልቷል። የከፋው ደግሞ የተበላው ብናኝ ነው። ሰውነት ብናኙን እንደ ጠላት ያየዋል፤ ሊያጠፋው ሲነሳ የራሱን አጥንት ይበላል። ይኸን ጥቁር ጥቁሩን ታያለህ? አጥንት የነበረ ቦታ ነው። ብረቱ የሚይዘው ስላጣ ላልቷል፤ በረገጥህ ቁጥር ይወዛወዛል።»

ቢሻው ራጁን ሞተር እንደሚያይ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው።

«እኛም ዘንድ፣ ትራክተር ላይ፣ ያው ነው። ኩሽኔታ ሲበላ ብናኙ ግራሶው ውስጥ ይገባና ሌላውን ያስበላዋል» አለ። «ኩሽኔታ ግን ይቀየራል» ሲል ጨመረ።

ሐኪሙ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«ሲያስገቡልህ ስንት ዓመት ያገለግልሃል አሉህ?»

ቢሻው ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ።

«አሥር» አለ። «ከተጠነቀቅህ አሥር። ካልተጠነቀቅህ ከዚያ ያነሰ።»

አይናዲስ የሰማችው ነገር ወዲያው አልገባትም። ባሏን አየችው፤ እሱ አላያትም። ስምንት ዓመት አብራው ስትኖር፣ ስታሸው፣ ጠበል ለጠበል ስትንከራተት፣ እሱ ቀኑን ያውቀው ነበር።

ሐኪሙ ከውጭ የመጣ ወረቀት ካለው እንዲያሳየው ጠየቀ። ቢሻው ከመታወቂያው ጋር በላስቲክ የጠቀለለውን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ፊቱ በጀርመንኛ፣ ጀርባው በአማርኛ ነው፤ አማርኛውን የጻፈው እዚያ ይማር የነበረ አስተርጓሚ ነው። ሐኪሙ አንብቦ ሲመልስ አይናዲስ እጇን ዘረጋችና ወረቀቱን እሷ ተቀበለችው። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያነበበችው ፊደል በፊደል እየቆጠረች ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ቀስ እያለ፣ አንዱን ቃል ከሌላው በኋላ ወጋት። ከአሥር ኪሎ በላይ አትሸከም ይላል። ትራክተርና የሚያንገጫግጭ ተሽከርካሪ አትንዳ፤ ቁጢጥ አትበል፤ አትዝለል፤ ረጅም መንገድ በእግር አትሂድ ይላል። ይህ ዕቃ የሚገባው ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት በላይ ለሆኑ ሰዎች ነው፤ አንተ ወጣት ስለሆንህና ብዙ ስለምትንቀሳቀስ ቶሎ ያልቃል፤ ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው ያደረግነው ይላል። በየዓመቱ ራጅ ተነሳ፤ ሕመም ሲሰማህ ሳትዘገይ ተመለስ ይላል። ጽሑፉ እዚያ ላይ አበቃ።

ቢሻው በሰው ክንድ ተደግፎ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከፊታቸው በሽተኛ ይመላለሳል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«እንደዚህ ብለህ!» ወረቀቱን ጭኑ ላይ ጣለችው።

ቢሻው ወረቀቱን አጣጥፎ ያዘው። ድምፁ ሲወጣ ለሷ የሚነግር አይመስልም ነበር።

«እዚያ ሆስፒታል አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተኝቶ ነበር። ሰባ ዓመት ያልፈዋል። ለሱም ይኸንኑ ብረት ነው ያስገቡለት፤ በአንድ ሳምንት ነው የገባልን። ሐኪሙ ለሱ ‹ይኸ ብረት ካንተ በኋላ ይኖራል› አለው። ወደኔ ዞሮ ደግሞ ‹አንተ ከብረቱ በኋላ ትኖራለህ› አለኝ። አስተርጓሚው ሲነግረኝ ምርቃት መስሎኝ አሜን አልሁ። ያዩት ሁሉ ሳቁ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ስንት ቀን ቆይቶ ነው።»

«እና?»

«እና ምን ላድርግ? ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ አይናዲስ። የነገሩኝን ልፈጽም ብል ቤት ተቀምጬ እንደዚያ ሽማግሌ መኖር ነው። ትራክተር ካልነዳሁ ማን ይቀጥረኛል? ካልተሸከምሁ ማን ሰው ይለኛል? አሥሩን ዓመት እንደ ሰው ልኑረው፤ ያኔ ደግሞ አንድ ነገር ይፈጠራል አልሁ። ብነግርሽ ታገቢኝ ነበር?»

አይናዲስ «አገባህ ነበር» ብትለው ይቀላት ነበር፤ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለነበረችው ልጅ አሁን ሆና ልትምልላት አልቻለችም።

«እኔ እንጃ» አለችው። «አልጠየቅኸኝማ።»

ቢሻው አንገቱን ደፋ። አይናዲስ ግን ተነስታ ብቻዋን ወደ ሐኪሙ ክፍል ተመለሰች። በሩን ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው ተሸክሞ… የምታምጥ ሴት አዝሎ ወንዝ ቢሻገር፣ ጭቃ ለጭቃ ሁለት ሰዓት ቢሄድ፣ ያ ነው ያበላሸው?»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ማን ማንን እንዳዘለ ሳይገባው አልቀረም።

«አይደለም፣ እህቴ» አላት። «አንድ ቀን አይደለም የበላው። በሄደ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ትንሽ ነው። ጤነኛ ወጣት በዓመት ሚሊዮን ጊዜ ይረግጣል። የአንድ ቀን ጥፋት ቢሆንማ ለመጠንቀቅ በቀለለ።»

ይኸ ቃል ያጽናናት ይሁን የባሰውን ያሳዝናት ለዓመታት አልለየላትም። የሷ ቀን ብቻ አልነበረም። ግን የሷም ቀን ነበረበት።

ያለው ተስፋ አንድ ነው፤ እንደ ፊተኛው ውጭ ሄዶ በሌላ መቀየር። እዚህ አገር የሚቀይርለት የለም፤ ዕቃውም የለም። ዶክተር እንዳለው ለሕክምና ቦርድ ደብዳቤ ጻፈለት፤ እርሻውም የድጋፍ ወረቀት ሰጠው። ጠበቁ። ቢሻው ትራክተር መንዳት ተከልክሎ መለዋወጫ መጋዘን ላይ ተመደበ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ምርኩዝ አንድ ነበር፣ ሁለት ሆነ። አለምነሽ ትምህርት ቤት ገባች። አይናዲስ የፖስታ ከረጢት ከሸሕዲ በመጣ ቁጥር ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ትቆማለች። ጸሐፊዋ ከሩቅ ስታያት ራሷን ትነቀንቅላታለች።

መልሱ የመጣው በ1981 የካቲት ማለቂያ ላይ ነው። አራት መስመር ነው። ለውጭ አገር ሕክምና ያለው ኮታ ውስን በመሆኑና ቅድሚያ የሚሰጠው በግንባር ለቆሰሉ ወታደሮች ስለሆነ ጥያቄው ለጊዜው ተቀባይነት አላገኘም ይላል። አይናዲስ ለባሏ ጮክ ብላ አነበበችለት። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ደገመችው።

«እኔስ የት ነው የቆሰልሁት?» አለ ቢሻው። ከዚያ ወዲያ ስለ ደብዳቤው አንስቶ አያውቅም።

ሚያዝያ ላይ ብረቱ የጭኑን አጥንት ገፍቶ ሊሰብረው ደረሰ፤ ትኩሳትም ያዘው። ጎንደር ሲደርሱ ሆስፒታሉ ከሰሜን በመጡ ቁስለኞች ሞልቷል፤ ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ በፍራሽ ነው። ዶክተር እንዳለው ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ ነበር። እንዳያቸው አወቃቸው።

«የቀረኝ አንድ ነገር ነው» አላቸው። «ብረቱን አወጣዋለሁ። በቦታው የማስገባው የለኝም፤ ባዶውን ይቀራል። ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል። እግርህ አራት ጣት ያህል ያጥራል፤ ያለ ክራንች አትሄድም። ሕመሙ ግን ይቀንስልሃል።»

«ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» አለ ቢሻው።

ሐኪሙ ቀልድ ይሁን እውነት መለየት አቃተው። «እሱማ አያልቅም» አለው።

ቢሻው አይናዲስን አያት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

አይናዲስ ምን ትያለሽ ብሎ ሲጠይቃት ይኸ የመጀመሪያው እንደሆነ ልብ አለች።

«ይውጣልህ» አለችው።

ወጣለት። ከዚያ በኋላ እግሩን በክብደት ወጥረውበት ስድስት ሳምንት ተኛ። ግራና ቀኙ ወታደሮች ናቸው፤ ከሽሬ እንዳሥላሴ የመጡ። አንዲት አዲስ ነርስ ካርዱን ስትሞላ «የቆሰሉት የት ግንባር ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«መተማ።»

«መቼ?»

«በ69።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። «ከ69 ጀምሮ? ገና አልዳኑም?»

«ድኜ ነበር» አላት ቢሻው። «ደህና አድርጌ ድኜ ነበር።»

ሰኔ ላይ ወደ እርሻው ሲመለሱ ዝናቡ ጀምሯል፤ ትራክተሮቹ ለእርሻ ተሰልፈዋል። የቢሻው ትራክተር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። ትሑት ልጅ ነው፤ ቢሻውን ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ እጅ ነሳ። ቢሻው «በርታ» ብሎት አለፈ። ቤቱ ሲገባ አልጋው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከትራክተሩ የወደቀ ዕለትም ሆነ ብረቱ በወጣ ዕለት አላለቀሰም ነበር። አይናዲስ አለምነሽን ወደ ጎረቤት ላከቻትና በሩን ገርበብ አድርጋ ከጎኑ ተቀመጠች።

መስከረም ሳይጠባ እርሻው በጡረታ አሰናበተው፤ ቤቱም ለአዲሱ ኦፕሬተር ያስፈልጋል ተባለ። ሸሕዲ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራዩ። ቢሻው ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ደጃፉ ላይ የሰው ፋኖስና የላምባ ምድጃ ይጠግናል። ሕመሙ እንደተባለው ቀንሶለታል፤ ቁስሉ ግን አንዳንዴ ያመረቅዛል። ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አጥር አልፎ መሄድም አይችልም።

አይናዲስ ሰሊጥ አጨዳ ገባች። ጎህ ሲቀድ የጭነት መኪና ከመናኸሪያው ሰው ይጭናል፤ ከደጋ ከወረዱት ጎጃሜዎችና ወሎዬዎች ጋር ተጋፍታ ትሳፈራለች። የመጀመሪያው ሰሞን እጇ ቆሰለ፤ ቆይቶ ደነደነ። ወገቧ ግን አልለምድ አለ። ሰሊጥ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም፤ ሁለት ቀን ካሳደሩት ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይራገፋል። አለቆቹ ስለዚህ ሠራተኛውን ቀና አያስብሉትም።

ጥቅምት ገብቷል። አንድ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመኪናው ወርዳ እግሯን እየጎተተች መጣች። ቢሻው ደጃፉ ላይ ነው። አካሄዷን ከሩቅ ጀምሮ ሲያየው ቆይቶ ነበር። ስትቀመጥ እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቀስ ብላ ነው የተቀመጠችው።

«ነገ እንዳትሄጂ» አላት።

«ነገ ካልሄድሁ የማሳው ጥግ ይራገፋል። ጨርሱ ተብለናል።»

«ይራገፋ! ያንቺ ነው እንዴ ሰሊጡ? ጉልበትሽን ጨረስሽው እኮ፣ አይናዲስ። ገና ሠላሳ ዓመትሽ ነው። ቆጠብ አድርጊው።»

አይናዲስ መሐረቧን ፈታች። ፀጉሯ በአቧራ ነጥቷል።

«ታዲያ ለመቼ ላስቀምጠው?» አለችው።

የተናገረችው ልታቆስለው አልነበረም፤ የምሯን ጠይቃው ነው። ቢሻው የሚጠግነውን ፋኖስ መሬት ላይ አስቀመጠ። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶች የጎንደር ተሳፋሪ ይጠራሉ፤ አለምነሽ ከቤት ውስጥ ትምህርቷን ጮክ ብላ ታነባለች። ቢሻው እጁን ዘርግቶ የሚስቱን እግር አነሳ፣ ደህነኛው ጭኑ ላይ አሳረፈው፣ የላስቲክ ጫማዋን አወለቀላትና አፈሩን በጣቶቹ ማራገፍ ጀመረ። አይናዲስ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እግሯን አልሳበችውም።